ተዝካሩ እስኪወጣ

መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። ሰው ሳይጠየቅ መነጽሩን ካወለቀ ክፉ ነገር ሊናገር እንደሆነ ያምሮት ታውቃለች።

«ይርጋ አንሥተውብሻል» አሏት።

ከፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት አጥር ውጭ፣ ማመልከቻ ጸሐፊዎች በተርታ በሚቀመጡበት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነበሩ። ከመሪጌታ ግራና ቀኝ ያሉት ጎልማሶች በኮምፒውተር እየጻፉ ባለጉዳዩን በሩብ ሰዓት ይሸኛሉ። መሪጌታ ግን የቅኔ ቤት ሰው ናቸውና ነገርን ከሥሩ ሳይሰሙ ብዕር አያነሡም። ያምሮት የማትወደው ይህንኑ ነው። ከቡሬ የመጣችው የግማሽ ቀን ፈቃድ ለምና ነበር። የምትሠራው በኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ የዘይት ጥራት በሚመረመርበት ክፍል ነው፤ እዚያ ነገሩ ይቀርባል፣ ይለካል፣ ውጤቱ ይነገራል።

«ጊዜው አልፏል ማለታቸው ነው?»

«ነው። ሕጉ ሦስት ዓመት ይላል። አንቺ ያመለከትሽው አባትሽ ካረፉ በሦስት ዓመት ከአራት ወር ነው። እኔም ቆጥሬዋለሁ፤ ልክ ነው።»

«ተዝካሩ የወጣው እኮ ባለፈው ጥር ነው።»

«ሕጉ ተዝካር አያውቅም፣ ልጄ» አሉ መሪጌታ፣ ሕጉን እንደማማት ሳይሆን እንደማዘን ብለው።

ነገሩ ሲነገር አጭር ነው። የያምሮት አባት ቸኮለ የሞተው በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ነው። ከጅጋ ግማሽ ሰዓት በእግር ከሚያስኬድ መንደር፣ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር በአንድ ግቢ፣ የእህል ወፍጮ ነበረው። ከሞተ ወዲህ ወፍጮውን ይዘው የሚያስፈጩት ታናሽ ወንድሙ አያ ሰይፈ ናቸው። ዘንድሮ ፈቃዱ ይታደስ ሲባል በሞተ ሰው ስም አይታደስም ተባለ፤ አያ ሰይፈም በራሳቸው ስም ሊያዞሩት ወረቀት አስገቡ። ያምሮት ይህን የሰማች ዕለት ከእናቷ ከገላነሽ ጋር ሆና ለፍርድ ቤት አመለከተች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የውርስ አጣሪ ይሾም፤ ከማንም ጋር ያልወገነ ሰው መጥቶ የሟቹን ንብረት ይቁጠር፤ የማን ምን እንደሆነ ለይቶ ለዳኛ ያቅርብ። አያ ሰይፈ ደግሞ በሰጡት መልስ ወፍጮው የማን ነው የሚለውን ሳይነኩ ጊዜው አልፏል አሉ። ይህ ከጸናላቸው አጣሪ የለም፤ አጣሪ ከሌለ ወፍጮው ባለበት፣ በያዘው ሰው እጅ ይቀራል። ለገላነሽ የሚተርፋት የሦስት መቶ እርምጃ ግቢና የወፍጮው ድምፅ ነው።

ለምን ዘገያችሁ ላለ፣ መልሱ በአርባው ቀን የተባለ ነገር ነው። ፍትሐቱ ተደርሶ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲበተን፣ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሳለ አያ ሰይፈ ተነሥተው የቸኮለ ትልቁ ተዝካር ሳይወጣ በዚህ ግቢ ማንም ስለ ንብረት እንዳይናገር አስማሉ። አገሩ የሚያውቀው ደንብ ስለሆነ የተቃወመ አልነበረም። የሞተ ሰው ተዝካሩ ሳይወጣ ዕቃውን መከፋፈል፣ ገና በመንገድ ላይ ያለን ሰው መዝረፍ ነው ይባላል። ተዝካሩ ግን በያመቱ እየተገፋ ሄደ። በመጀመሪያው ዓመት በረዶ እህሉን መታው። በሁለተኛው መንገዱ ለወራት ስለተዘጋ ዘመድ የሚሰበሰብበት መላ ጠፋ። በሦስተኛው ገላነሽ ታመመች። ባለፈው ጥር ግን በሬው ተጣለ፣ ጠላው ተጠመቀ፣ ቸኮለ በደንብ ተሸኘ። ያምሮት በመጋቢት አመለከተች። ፈጥኛለሁ ብላም ነበር።

«የአርባው ቃል በጽሑፍ አለ?» አሉ መሪጌታ።

«የለም።»

«ሽማግሌዎቹስ?»

አንዱ ሞተዋል። ሁለተኛው መራዊ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ገብተው፣ ዛሬ ያዩትን ሰው ነገ አያውቁትም። እናቷ ደግሞ አብራት አመልካች ስለሆነች ለራሷ መመስከር አትችልም። የቀሩት የቃሉ ባለቤት አያ ሰይፈ ብቻ ናቸው።

መሪጌታ መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ አንድ ነገር ነገሯት። ይርጋ የዳኛ አይደለችም፤ የባለጋራ ናት። ባለጋራው ካላነሣት ዳኛ ከኪሱ አውጥቶ አያነሣትም። ያነሣትም ሰው ቢፈልግ መልሶ ይጥላታል። «እና አጎትሽ ዘንድ ሂጂ» አሏት። «ለልመና አይደለም። ቀጠሮው ዘጠኝ ቀን አለው፤ ዓይንሽን ይዩት።»

ያምሮት ዓይኗን የማሳየት ሐሳብ አልነበራትም። ወደ ቡሬ በምትመለስበት ሚኒባስ ውስጥ ሌላ ነገር አሰበች። አያ ሰይፈ ወሬ ይወዳሉ። ስለ አርባው ካስነሣቻቸው ይናገራሉ፤ ስልኳ ደግሞ ድምፅ ይቀዳል።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ከጅጋ ወርዳ በእግሯ ሄደች። ይህን መንገድ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው በጆሮዋ ነው። ድሮ፣ መብራት ሳይገባ፣ ወፍጮው በናፍጣ ሞተር ሲሠራ፣ ጅጋ ገበያ ዳር ቆሞ ዝም ያለ ሰው ይሰማው ነበር። ሞተሩ ሲንተከተክ ሴቶች በእንቅልፍ ያለ ልጃቸውን እንደማዳመጥ ቆም ይሉና «አለ፣ አለ» ተባብለው ጆንያቸውን ያነሣሉ። ዝም ካለም ከመንገድ ይመለሳሉ። ቸኮለ ጤፉን ከማለዳ ይፈጫል፤ በቆሎና ዳጉሳ ከቀትር በኋላ ነው፤ በርበሬ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከሁሉ መጨረሻ። በበርበሬ ቀን ግቢው በሙሉ ያስነጥሳል። ከብቶቹ ሳይቀሩ። ያምሮት ትምህርት ቤት ሆና፣ ነፋስ ከወፍጮው በኩል ሲነፍስ ሲያስነጥሳት መምህሩ «የቸኮለ ልጅ፣ አባትሽ እየጠራሽ ነው» ይሉ ነበር። ያን ጊዜ ይህ እጅግ ያናድዳት ነበር። አሁንም ያናደዳት መሰላት፤ ግን ንዴት አልነበረም፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ጊዜ አልሰጠችውም።

አባቷ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች «ስሙ ቸኮለ፣ ዱቄቱ ነገ» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ አይመልስም። ጆንያውን ከፈታ በኋላ እህሉን በመዳፉ ዘግኖ ያያል፤ ድንጋይ ካገኘ ለባለቤቷ ራሱ ለቅሞ ይሰጣታል። ያምሮት ሰው እንዴት አንድ እፍኝ እህል ይህን ያህል ጊዜ ያያል እያለች ነው ያደገችው።

ግቢው በር ስትደርስ ወፍጮው ዝም ብሎ ነበር። ወፍጮ የሚወቀርበት ቀን ነው። ትናንት በርበሬ ተፈጭቷል፤ ድንጋዩም ልሟል። ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ ገበያ ስለሆነ ዛሬ ፊቱ በመዶሻ ተመትቶ እንዲሻክር መወቀር አለበት።

አያ ሰይፈ የላይኛውን ድንጋይ በሰንሰለት አንሥተው፣ ገልብጠው፣ በሁለት ግንድ ላይ አጋድመውታል። ሽፋሽፍታቸው ነጭ ሆኗል፤ ከዱቄት ይሁን ከዕድሜ አይለይም። መዶሻውን ሳያስቀምጡ አዩዋት።

«ከሳሽ ተከሳሹን ቤቱ ድረስ መጥቶ ሲጎበኝ ዛሬ አየሁ» አሉ።

«አመልካችና ተጠሪ ነው የሚባለው፣ አያ ሰይፈ።»

«ስሙስ አምሮበታል» አሉና እናቷ ጅጋ እንደሄደች፣ ሲመሽ እንደምትመለስ ነገሯት። ስለ ቡሬ ጠየቁ። በቆሎ ቡሬ እንዴት እንደዋለ፣ ዝናብ ጀምሮ እንደሆነ፣ ፓርኩ ውስጥ ውኃ ይቋረጥ እንደሆነ። ስለ ነገሩ ምንም አላሉም። ያምሮት በሹራቧ ኪስ ያለውን ስልክ በጣቷ ዳብሳ መቅጃውን ከፈተች።

«ብቻዎን ነው የሚወቅሩት?»

«ከማን ጋር ልወቅር?»

ድሮ ሁለት ሆነው ነበር። ቸኮለ በአንድ በኩል፣ አያ ሰይፈ በፊቱ። መዶሻ ያነሣሉ፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ከድንጋዩ ዳር ጀምረው፣ እየዞሩ፣ እየጠበቡ እስከ መሐሉ ይደርሳሉ። አንድ ዙር ሳይዘጋ ማቆም አይፈቀድም፤ አንዱ ካረፈ የወቀሩ ጥልቀት ይለያያል፣ ዱቄቱም በአንድ በኩል ይሻክራል። ያምሮት በዚያ ድምፅ ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ የሚነጋገሩበት ድምፅ ነው። ቸኮለ ከሞተ ወዲህ አያ ሰይፈ ግማሹን ወቅረው፣ ዞረው፣ ሌላውን ግማሽ ይወቅራሉ። ሴቶቹ አስተውለዋል፤ «የሰይፈ ዱቄት ግማሹ ቅንጬ ነው» ይላሉ። እሳቸውም ሰምተዋል።

«ያቺን መዶሻ አንሺያት» አሏት።

ልትከራከር አልመጣችም፤ አነሣቻት። መዶሻዋ ካሰበችው ቀለለቻት። መጀመሪያ አልገጠመችም፤ ሁለቱ መዶሻዎች አንድ ላይ እየወረዱ ተጋጩ። አያ ሰይፈ ፍጥነታቸውን ቀነሱላት። ከዚያ በኋላ እጇ ራሱ አወቀው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። የድንጋይ ብናኝ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ሁለት ዙር ዘጉ። ሦስተኛውን ጀመሩ። ያምሮት ወሬውን እንዴት እንደምታነሣ እያሰበች ሳለ፣ አያ ሰይፈ ራሳቸው አነሡት።

ከድንጋዩ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ እጃቸውም ሳይቆም፣ ለእሷ ሳይሆን ለወቀሩ እንደሚናገሩ ሆነው ነው የተናገሩት። «ያን ዕለት ተዝካሩ ይውጣ ባልል፣ እኔ ነኝ ያልኩት፣ ይኼ ሁሉ ያኔ ባለቀ ነበር» አሉ። «በሩ ሳይዘጋ ሁላችንም ገብተን በተቀመጥን ነበር እኮ።»

ያምሮት ሰማች። እያንዳንዱን ቃል ሰማች። እጇ ግን አልቆመም፤ ዙሩ አልተዘጋማ። ዙሩ ሲዘጋ ሌላ እንዲሉ ጠበቀች፤ እሳቸው ግን መዶሻውን አስቀምጠው ላባቸውን ጠረጉና «አባትሽ እጅሽን ቢያይ ይስቅ ነበር» አሉ።

እናቷ መጣች፤ እራት በሉ። አያ ሰይፈም አብረው በሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው፤ በዚህ ግቢ ሰው አብሮ ይበላል፣ ስለ በረዶውና ስለ ላሟ ያወራል፣ ስለ አንዱ ነገር ብቻ ዝም ይላል። ዝምታው ተዝካሩ ከወጣም በኋላ አልተነሣም፤ ለምደውታል። በማግስቱ ማለዳ ገላነሽ ልጇን ስትሸኝ፣ ለምን እንደመጣች ሳትጠይቅ፣ አያ ሰይፈ የወፍጮውን በር ሲዘጉ ሁልጊዜ ዞር ብለው እንደሚያዩ ብቻ ነገረቻት። «ቸኮለ ከኋላ እየመጣ ይመስላቸዋል» አለች። ያምሮት እንዲህ ያለ ወሬ አትወድም። ስልኩን ለመስማት ቸኩላ ነበር።

ከጅጋ ሚኒባስ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ሰላምታው አለ። የቡሬ በቆሎ አለ። ከዚያ ወዲያ አርባ ደቂቃ ሙሉ መዶሻ ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ አዳመጠች፤ መልሳ አዳመጠች። የአያ ሰይፈ ድምፅ አለ፤ ከሥር ያጉረመርማል። በእያንዳንዱ ቃል ላይ ግን አንድ መዶሻ ይወርዳል። የእሳቸው መዶሻ ከስልኩ ስለራቀ እንደዚያ አይጮህም። ቃሉን የሸፈነው የራሷ ነው። ለአንድ ደቂቃ እጇን ብታሳርፍ ኖሮ ማስረጃ ነበራት።

መሪጌታ ቀረጻውን ሰምተው ስልኩን መለሱላት። ሰው ሳያውቅ የተቀዳ ቃል እንደሆነ፣ ቢሰማም ዳኛው እንዴት እንደሚያዩት እንደማያውቁ፣ ደግነቱም እንደማይሰማ ነገሯት። «አብረሽ ወቀርሽ?» አሉ ከዚያ። አዎ አለች። መሪጌታ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ ግን አልጠየቀቻቸውም።

የቀጠሮው ቀን ግንቦት ላይ፣ ሰማዩ ከማለዳው ያጉረመረመ ቀን ነበር። ዳኛዋ ወጣት ናት፤ ምናልባት ከያምሮት ሁለት ዓመት ብትበልጥ ነው። ችሎቱ ጠባብ ስለሆነ ተከራካሪዎች ጎን ለጎን ነው የሚቆሙት። ገላነሽ ከልጇና ከአያ ሰይፈ መሐል ቆመች፤ ማን እንዲህ ቁሚ እንዳላት አይታወቅም። ያምሮት ባዶ እጇን እንደመጣች ታውቃለች። አያ ሰይፈ «አዎ» ካሉ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቃል፤ ሰው ሁሉ ለምሳ ይወጣል፤ ወፍጮውም ያልቃል።

ዳኛዋ መዝገቡን ገልጣ ወደ አያ ሰይፈ አየች። በመልሳቸው ላይ የመጀመሪያው መቃወሚያ ይርጋ እንደሆነ፣ አጣሪ ይሾም የሚለው አቤቱታ ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ቀርቧል እንዳሉ አነበበችላቸው።

«በዚህ ይጸናሉ?» አለቻቸው።

አያ ሰይፈ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ይህን ካልኩ ነገሩ ዛሬ ያልቃል ብለውኛል፤ እውነት ነው?» አሉ።

ዳኛዋ እሷ ልትመክራቸው እንደማትችል፣ ከጸኑበት ግን ፍርድ ቤቱ አስቀድሞ ይህንኑ እንደሚወስን ነገረቻቸው። አያ ሰይፈ ባርኔጣቸውን አገላበጡት። ጸሐፊዋ ጣቶቿን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣች። ያምሮት እንዲህ ያለ ዝምታ አትችልም፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ነገር ትናገር ነበር።

«ሦስት ዓመቱስ አልፏል» አሉ አያ ሰይፈ። «የቆጠረው ሰው አልተሳሳተም። ነገር ግን፣ የተከበሩ ዳኛ፣ የወንድሜ ተዝካር ሳይወጣ ማንም ስለ ንብረት አይተንፍስ ብዬ በአርባው ያስማልኩ እኔ ነኝ። እነዚህ እሺ አሉኝ፤ ሦስት ዓመት ዝም አሉልኝ። አሁን በሩን ራሴ ዘግቼ፣ ለምን ቀድማችሁ አልገባችሁም ልበላቸው?»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ ይቅር። ይሰረዝልኝ።»

ጸሐፊዋ መጻፍ ጀመረች። ገላነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ አደረገች። አያ ሰይፈ ግን አልጨረሱም ነበር፤ በዚያ ወፍጮ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት እንደሠሩ፣ ሞተሩ ወደ መብራት ሲቀየር ሁለት በሬ ሸጠው እንዳገቡ፣ ድርሻቸውን ለማንም እንደማይተዉ አስመዘገቡ። ዳኛዋ ያን ለሚሾመው አጣሪ እንዲናገሩ፣ ማስረጃም ካላቸው እንዲሰጡ አዘዘች። አጣሪው ተሾመ፤ በከተማው ያለ የሕግ ባለሙያ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ንብረቱን ቆጥሮ፣ ለይቶ፣ ሪፖርቱን ያቀርባል። እስከዚያ ንብረቱ ባለበት ተጠብቆ እንዲቆይ ትእዛዝ ተሰጠ። ሌላ መዝገብ ተጠራ።

ውጭ ሲወጡ ያምሮት ያሸነፈ ሰው ምን እንደሚሰማው ለማየት ትንሽ ቆመች። የተሰማት ሌላ ነው። ሰውዬው በችሎት፣ በሰው ፊት የሰጧትን ቃል፣ እሷ ከሳምንት በፊት ከኪሷ ውስጥ ልትሰርቃቸው ነበር። ይህን ለማንም አትነግርም። ለመሪጌታም ቢሆን የነገረቻቸው ስለቸገራት ነው።

አያ ሰይፈ ሦስቱንም መናኸሪያ የሚያደርስ ባጃጅ አቁመው እናቷን አስገቡ። እሳቸው ግን አንድ እግራቸውን ባጃጁ ላይ አድርገው ቀሩ።

«ባለበት ይቆይ ያለችው» አሉ፣ «ወፍጮው ይቁም ማለቷ ነው?»

ያምሮት ይህን አላሰበችም ነበር። ትእዛዙን በልቧ መልሳ አነበበችው። አይሸጥ፣ አይዛወር ማለት ነው፤ ይቁም የሚል ቃል የለበትም። ግን ይሥራ የሚልም የለበትም፤ አንድ ድንጉጥ የቀበሌ ሰው በሩን ሊያሽገው ይችላል።

«ከቆመ ሴቶቹ ጅጋ ድረስ ነው የሚሸከሙ» አሉ አያ ሰይፈ። «ሁለት ወር ደግሞ ክረምት ይገባል። በመንገዱ ላይ ያለውን የአቤን ድልድይ ውኃ ይሞላዋል።»

«ይውረዱ» አለቻቸው።

መሪጌታ ለምሳ ሊነሡ ነበር፤ ያምሮት ከአጎቷ ጋር ስትመጣ አይተው ተመልሰው ተቀመጡ። ለፍርድ ቤቱ አንድ ማመልከቻ እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። አጣሪው ሥራውን እስኪጨርስ ወፍጮው ሥራውን እንዳያቋርጥ ይፈቀድ፤ አቶ ሰይፈ እንደ ቀድሞው ያስፈጩ፤ አጣሪው በፈለገው ቀን ገብቶ ይቁጠር። መሪጌታ አመልካች ማን ተጠሪ ማን እንደሚባል ጠየቁ።

«ሁለታችንም አመልካች ነን» አለች ያምሮት።

«ተጠሪስ?»

«ተጠሪ የለውም።»

አያ ሰይፈ የእናቷም ስም ይግባ አሉ። መሪጌታም አስገቡት። ገላነሽ ከባጃጁ ተጠርታ መጣች፤ ጣቷን ቀለም ነክራ ተጫነች። አያ ሰይፈ ፈረሙ፤ ያምሮትም ከሥራቸው ፈረመች። መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ሮጣ አስገባችና የተቀበሉበትን ማኅተም አይታ ወጣች።

ባለ ባጃጁ ተቆጥቶ ነበር፤ ሦስቱም ይቅርታ እያሉ ገቡ። ገላነሽ እንደ ልማዷ መሐል ተቀመጠች። ዝናቡ ጀመረ። መናኸሪያው ገና ሳይታይ አያ ሰይፈ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሞተሩ የኔ ነው» አሉ። «ሁለት በሬ ሸጬበታለሁ። ቤቱና ድንጋዩ የቸኮለ ነው፤ አልካድኩም።»

ያምሮት ሞተሩ ሲገዛ አባቷም የበርበሬ እርሻውን ዓመቱን ሙሉ አከራይቶ እንደነበር አስታወሰቻቸው። እሳቸው የተከራየው ግማሽ ዓመት ነው አሉ። እሷ ዓመት ነው አለች። ባለ ባጃጁ በመስታወት አያቸው።

ከዚያ ገላነሽ ተናገረች። ሦስት ዓመት ከስድስት ወር፣ በአርባውም፣ በተዝካሩም፣ ዛሬ በችሎቱም ስለ ወፍጮው ከአፏ ምንም አልወጣም ነበር። ስትናገር ድምፅዋን አላነሣችም፤ ወደ ልጇም ወደ አያ ሰይፈም አላየችም።

«ሁለታችሁም የምትሉትን በሉ። እኔ ያገባሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ያን ጊዜ ወፍጮ አልነበረም። ድንጋዩን ከሰቀላ አገር ሲያመጡት አብሬ የገፋሁ ነኝ። ግማሹ የኔ ነው። ውርሳችሁን ከሌላው ግማሽ ቁጠሩ።»

ያምሮት በጣቷ ትቆጥር የነበረውን ትታ ወደ እናቷ ዞረች። ይህን አንድ ቀን እንኳ ጠይቃት አታውቅም።

«ድንጋዩን ማን ማን ገፋችሁ?» አለቻት።

«እሳቸውን ጠይቂያቸው» አለች ገላነሽ። «እሳቸውም ነበሩ።»

«ነበርኩ» አሉ አያ ሰይፈ ቀስ ብለው፤ ከዚያም ዝናቡ የባጃጁን ሸራ እየመታ፣ ድንጋዩ ከሰቀላ እንዴት እንደመጣ፣ ወንዙ ላይ ሁለት ቀን እንዴት እንደያዛቸው፣ ቸኮለ በየት በኩል፣ እሳቸው በየት በኩል፣ ገላነሽ በየት በኩል ሆነው እንደገፉት ለያምሮት ይነግሯት ጀመር። ገላነሽም በየመሐሉ «አይደለም፣ በዚያ በኩል ነው» እያለች ታርማቸዋለች።